እውነተኛው የመጨረሻ

«ዲስኩ ሞልቷል» አለኝ ሰርቨሩ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፤
ከዚራ ላብ ናት፤ ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ያው ሙቀት።
ደንገጎ ላይ ይበርቃል።

ገብቼ ባይ ጥቅል በጥቅል ላይ፣ የየልቀቱ ቅሪት፦
ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሁለት ነጥብ ሦስት፣
«የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»፣ «ሮብሌ ያረመው»፤
ግንባታው በሮጠ ቁጥር ጥሎት የሄደው፣
ማንም ያልጠየቀው።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ኮዱ ካለ ጥቅሉ ዳግም ይወለዳል፤
እንደ ምድር ባቡሩ ጋራዥ፣ ቅርጹ ካለ ብረቱ ዳግም ይፈሳል።
«አጥፋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኮከብ ምልክቷን ጨመርኩ።
ኮከቧ ሁሉም ማለት ናት፤ ስም አትጠይቅ፣ ፊት አታይ፤
እንደ ደቻቱ፣ ዓመቱን አሸዋ ሆና ልብስ ሲሰጣባት ከርማ
አንድ ሌሊት የምትወርድ፣ ቤቱን ከቆሻሻ ሳትለይ።

ጣቴ ኢንተር ላይ ቀረ።
የሮብሌን ጥቅል ፈታሁ፤ ምንጩን ፈለግኩ፣ የለም፤
ላፕቶፑ ውስጥ ነበር፤ እሱም ላፕቶፑም ጅቡቲ ናቸው።

ኮከቧን ሰረዝኩ።
በየስማቸው እየጠራሁ አጠፋሁ፣ አንድ በአንድ፣ ጎርፉ ሲያጓራ፣ እስኪነጋ።
አንዱ ብቻ ቀረ።
ሮብሌ ምን እንዳረመ ግን እስካሁን አልገባኝም።