እንደተኛ አስተኛው

የጦሳ ልጅ ጥቁር ነው፤ ከእሳት የተወለደ፣
መሮዬን እያጠፈ ስንቴ እጄን አዋረደ።
አሸዋ ድንጋይ ግን፣ ከሰሜን ተጭኖ በአይሱዙ የመጣው፣
ሆዱ ያለው ብረት ቢጫና ቀይ አርጎ ቀለሙን ያወጣው፣
እንግዳ ነው ለኛ፤ እንግዳ ደግሞ
አመሉን ካልጠየቁት ይከርማል ታሞ።

አያ እብሬ ኩታበሬው፣ ግንባታ ያስተማሩኝ፣
ቃል አይወዱም ነበር፤ በመዶሻ ነው የመከሩኝ።
መታ አርገው ያደምጣሉ፦
«ድምፁ ቃጭል ከሆነ፣ ጤነኛ ነው ይባል፤
ከደነቆረ ግን ውስጡ ጭቃ አለበት፤ ለአጥርም አይሆን፣ ይጣል።»
ከኮዳቸው ደግሞ ውሃ ጠብ አርገው፣
ስንት ትንፋሽ ቆየ ብለው ቆጥረው፦
«ቶሎ የሚጠጣውን ለመሠረት አትመነው፣ ወደ ላይ ስቀለው፤
የደሴ ጉም ያውቀዋል፣ ከሥር ከገባበት ወዲያ አይለቀው።
ገና እንደወጣማ ልጅ ነው፤ መሮ ይወዳል፤
ዓመት ንፋስ አይቶ፣ ላቡ ወጥቶ ሲደርቅ፣ ቆዳ ያበጃል።
ሲሚንቶ አታጉርሰው፣ ትንፋሹን ይዘጋል፤
ኖራ እንደ ደግ ጎረቤት፣ ሲያብጥ ይሸሻል፣ ሲቀንስ ይጠጋል።»

ከዚያ ጥፍራቸውን በጠርዙ እየሳቡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፦
«ይህን መስመር አየህ? ወንዝ ነው ያነጠፈው፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ፤
ሰጋጅ ሳይመጣበት፣ ሰው በምድር ሳይታይ።
እንደተኛ አስተኛው። ካቆምከው ይላጣል፤
ዝናብ ማንበብ ይችላል፣ እንደ ኪታብ ገጽ በገጽ ይገልጠዋል።»

ሆጤ፣ አፋፉ ላይ፣ ጦይባ ቤት ሠራች፤
ሰኞ ገበያ ላይ ዝንጅብል ስትነግድ ዓመት ያጠራቀመች።
ባሏ የአሰብ ሹፌር፣ ባቲ ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ የቀረ፤
ስሙ ከበሩ ጎን፣ በሷ ገንዘብ፣ በእኔ መሮ ሊቀረጽ ነበረ።
አያ እብሬ የሉም፤ ኖራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወርደዋል።
ድንጋዩን አየሁት። ጠርዙ ሸካራ ነው፣ ፊደል ይሸራርፋል፤
ሰፊው ገጹ ግን ልስልስ፣ አንድ መስመር የሌለው፣
ሃያ ሁለት ዓመት ልጅን የሚያታልለው።

አቆምኩት።

ማንም አላየኝም። ጦይባ አለቀሰች፣ ስሙን በጣቷ ተከትላ፣
መዳፌ ላይ አስር ብር አኖረች፣ ከሂሳቤ ሌላ።

ሁለት ክረምት ቻለ። በሦስተኛው ጉሙ
ከአዝዋ ገደል ወርዶ ወር ሙሉ ሲተኛ፣ ይታይ ጀመር ሕመሙ።
«ይመር ሙሄ» ነበር ያልኩት። መጀመሪያ «ሄ» ወደቀች፣ ከዚያ «ሙ»፤
በአምስተኛው ዓመት «ይ» ብቻ ቀረች ከስሙ።

አያ እብሬ ሰኞ ሰኞ ያልፉ ነበር በዚያ።
ይቆማሉ፤ መዳፋቸውን ከሥሩ ዘርግተው
የሚረግፈውን አሸዋ እንደ እህል ናሙና ተቀብለው፣
አሽተው፣ እፍ ብለው ይሄዳሉ።
አንድ ቀን እንኳ «ማን አቆመው?» አላሉ።
ምነው ባሉ።

ከቀብራቸው በአርባኛው ቀን የጦይባን በር አንኳኳሁ።
ድንጋዩን ያቆምኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ሌላ ቃል አጣሁ።
«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ዝንጅብሏን መልቀም ሳታቆም።
«እሳቸው ነግረውኛል ያኔውኑ። ‹ልጁ ራሱ ይምጣ፤
እስኪመጣ ድረስ ማንም እንዳይነካው› ብለው።
ሞኝ ነህ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብህ?»

አዲሱን አስተኛሁት፣ በኖራ፣ እንደ ወንዙ ምንጣፍ።
ስሙ ጠበበ፤ ጠርዝ ላይ ነውና፣ «መ» ትንሽ ተሸረፈች በአፍ።
ጦይባ አላማረችም፣ አላመሰገነችም፤
በመቀነቷ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ገባች።

አሮጌው እኔ ቤት ነው። ሞረድ አርጌዋለሁ።
ለአረፋም ለፋሲካም ሰፈሩ ቢላውን ይዞ ይመጣል፤
ለመሳል ይሄ ድንጋይ ከሱቅ ሞረድ ይበልጣል ይላል።
ጥጉ ላይ «ይ» አለች፣ ቀጥናለች፣ ትታያለች።
ቢላ ሳልስል መጀመሪያ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፣
ስንት ትንፋሽ እንደቆየች እቆጥራለሁ።