ልክ

የዱሪ መደብር ከጣቢያው ፊት ለፊት፣
ራይን ገና ቀጭን ልጅ ወንዝ በሆነበት፣
ጃንጥላዬን ደጁ አራግፌ ገባሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያመላለስሁ፣
የዚህን ቤት ደረጃ በጨለማ የማውቅ፣
ዛሬ እንደ ደንበኛ ዋጋ የምጠይቅ።

«ኡርሲና! ጡረታው እንዴት ይዞሻል?» አለ፤
«ጠመንጃ» ስለው ግን ቅንድቡን ሰቀለ።
«የሉሬኝ ጠመንጃ ግድግዳሽ ላይ አይደል?
ሦስት መቶ ሜትር ላይ ሳንቲም የሚነድል?»

ለአባቴስ አዎን፣ ሳንቲሙን ነደለ፤
እኔን ግን ሲያገኘኝ ትከሻዬን በደለ።

አሥራ አራት ዓመቴ። የመስከረም እሁድ።
በእንጨቱ ዳስ ውስጥ የታፈነ ባሩድ።
ሰደፉ መንጋጋዬን በልዞ አጠቆረው፣
ወረቀቱ ግን ንጹሕ፤ ማንም አልደፈረው።
ምልክት ሰጪው ከጉድጓዱ ባንዲራ አወጣና
ግራ ቀኝ ወዘወዘው፤ ማለት፦ «ሳተች ገና።»
መንደሩ ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ግን ቻለ፤
ማታ እራት ስንበላ «ዓይንሽ ነው፣ ልጄ» አለ።

አርባ ዘጠኝ ዓመት ዓይኔን ስወቅስ ኖርሁ፤
በዚያው ዓይን በጭጋግ ስንት አድራሻ አነበብሁ!

«ከስንት ሜትር ነው? በሳምንት ስንቴ? በየትኛው ትከሻ?
ጥያቄ ነው መጀመሪያ፤ ጠመንጃው መጨረሻ።»
«ሐሙስ ሐሙስ፤ የፖስታ ቦርሳ በበላው ትከሻ።»

ዱሪ ከመደርደሪያው ሁለት መሣሪያ አወረደ፤
አንዷን ሲያነሣት ክንዱ እንኳ ከበደ።
«ይቺ ስድስት ተኩል፤ ለሩቅ የተሠራች፣
ነፋስ ቢያባብላት መንገድ መች ትስታለች።»
የአንዱን ጥይት ዋጋ ቀስ ብሎ ሲነግረኝ
ጡረታዬ ኪሴ ውስጥ ሲያስል ተሰማኝ።

«ይቺ ደግሞ ሃያ ሁለት፤ አተር ነው ጥይቷ፣
ሃምሳ ሜትር ላይ ነው ሙያዋና ቤቷ።
ግን አደራ፣ አትናቂያት፤ ከአፈር ግድቡ ካለፈች
ከማዶው መስክ ያለች ላም ትገድላለች።
ካሊበር ማለት ልክ ነው፤ የአፈሙዝ ስፋት፤
ሰው የራሱን ልክ ሲስት ነው የሚመጣ ጥፋት...»

«ወሬ አይመታም» አልሁት፤ «እንውረድና እንየው።»
የማኅበሩ ምድር ቤት ረጅም ነው፤ መብራቱ ጫፉ ላይ ነው።

«ትልቋን ሞክሪ» አለኝ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎረሰ፣
ቃታውን ዘጋ፤ እጄ ላይ አኖራትና ተመለሰ።
ተነፈስሁ። አለምሁ። ምላጩን ሳብሁት።
ቀጭ።
      ሌላ ድምፅ የለም። ጥይት አልነበረባት።

ግን አፈሙዙ ሰገደ፣ ዓይኔ ተከደነ፤
ላልተሰነዘረ ዱላ ትከሻዬ ባከነ።

ዱሪ አልሳቀም። አየኝ። «ዓይንሽማ ደህና ነው፤
ከምላጩ ቀድሞ የሚተኩስ ፍርሃትሽ ነው።»

ከዚያ ትንሿ። ቀላል፤ ያልተከፈተ ደብዳቤ።
ጧ አለች፣ እንደ ሳል። አልዘለለም ልቤ።
አሥር ተኮስሁ። ሦስቱ ጥቁሩ ውስጥ አረፉ፤
አምስቱ ዳር ዳሩን እንደ ዝንብ ተሰለፉ፤
ዘጠነኛዋ የት እንደ ገባች እንጃ።
ከጎኔ የሚተኩስ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፍሉሪን
አሥር ተኩሶ አሥራ አንድ ቢያገኝ፣ ደግሞ ቆጠረ ወረቀቱን።

ከወንጀል ነጻ መሆኔን በማኅተም አሳየሁ፤
ፈረምሁ። ከፈልሁ። ትንሿን ይዤ ወጣሁ።

ማታ የአባቴን ጠመንጃ አቧራ ጠረግሁለት፤
አልሸጠው፣ አላወርደው፤ ግድግዳው ለምዶታል፣ ይኑርበት።
ብቻ አፌን ወደ ሰደፉ አስጠግቼ
«ዓይኔ አልነበረም» አልሁት። «አንተም ክፉ አልነበርህ።
ልኬ አልነበርህም።»

ሐሙስ ደግሞ ተኩስ አለ። ሃምሳ ጥይት ገዝቻለሁ።
ለፍሉሪንም ነግሬዋለሁ፦ ወረቀትህን ጠብቅ።