ዘጠና ስድስት ጉድጓድ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣
አብዬ ይመር ሽንኩርቱን ወደሚያጠጣበት ቦይ ወርዶ
የሚጠፋውን ውሃ
በጥቁር ጠርሙስ ቀዳሁ፤ ቁጥርና ቀን ጻፍኩበት።
ጥሩ ውሃ፤ ሽታ የለው፤ አሸዋው የሚቆጠርበት።

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል?» ቢሉ፣ «ድንጋይ» ነበር መልሱ ጥንት፤
ይሄ ግን የያዘው ነገር ድንጋይ አይደል፤ አይጮህ፤ አይሸት፤
ከክኒን፣ ከሳሙና፣ ከቀለም፣ ከቆዳ ቤት የተረፈ፣
የሴት ሆርሞን መስሎ ገብቶ፣ በር ሳያንኳኳ ያለፈ።

ባለፈው ኅዳር ኢክራም የአንድ ወንድ ዓሣ ሆድ ከፍታ
ዕንቁላል አየች።
ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዝም አለች ለአፍታ።

ስለዚህ እርሾ ጠራን። አዎ፣ እርሾ፤ ያቺ ሊጥ የምታስነሳ፣
ማዶ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ በጋን ሙሉ የምታገሳ።
የእኛዋ ግን ከሰው ዘር የተቀዳ አንድ ጆሮ ተሰፍቶላት፣
የሴት ሆርሞን፣ ወይ መሳዩ፣ ሲያልፍ ብቻ የሚያቃጭልባት።
ከሰማች ቢጫውን ቀለም ወደ ቀይ ትለውጠዋለች፤
ካልሰማች ስኳሯን ትበላለች፤ ትዋለዳለች።

ሦስት ቀን ጠበቅን። መብራት ሁለቴ ሄደ።
ጄኔሬተር ስትጎትት የኢክራም ጋወን እጅጌው ተቀደደ።
በአራተኛው ማለዳ ሳህኑን ከማሞቂያው አወጣን፤
ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፣ አንዱ ከባቄላ የማይሰፋ።
ኢክራም ወደ መስኮቱ ይዛው ዞረች፤ ትንፋሿ ጠፋ።

ቦዩ ቀላ። ጠብቀን ነበር።
የፋብሪካው ቱቦ ቀላ። ይሄንንም።
ግን በመጨረሻው ረድፍ፣ ከየጎፍ ምንጭ የቀዳሁት፣
ንጹሕ ምን እንደሚመስል እንዲያሳየን ያመጣሁት፣
ጥዶቹ ሥር ተንበርክኬ የጠጣሁት፣
ልምልበት የምችለው ውሃ፣
እሱም ቀላ።

በእርሾዋ ተናደድኩ። «ዋሸች» አልኩ፤ «ደነቆረች»።
ኢክራም ማስታወሻዬን ገልጣ በእርሳስ ጫፍ አንድ ቃል ነካች፦
ጀሪካን።

ያን ዕለት ጠርሙስ አልቆብኝ፣ ከአብዬ ይመር ተውሼ፣
ፀሐይ ላይ የከረመ ቢጫ ጀሪካን
ሞልቼ ነበር የመጣሁ ተመልሼ።
ምንጩ አይደለም የተናገረው። ዕቃው ነው።

ዳግም ወጣሁ። አሁን በብርጭቆ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፤
ቢጫው ሦስት ቀን ቢጫ ቆየ፣ «ምንም አልተሰማም» ብሎ።

ለአብዬ ይመር ነገርኩት። ስለ ቦዩ ራሱን ነቀነቀ፤
ስለ ጀሪካኑ ስነግረው ግን ከት ብሎ ሳቀ።
«ወንዙስ ይሁን፤ ከከዳኝ ቆየ። ይሄን ብጥል ግን ልጄ፣
ቤቴ ውሃ የሚገባው በምን ነው? በእጄ?»
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፤
ሳቁ ሲበርድ እሱም ዝም አለ።

መልስ አልነበረኝም። ሳህኑም መልስ የለውም፤
እርሾ «አለ» ማለት ታውቃለች፤ «ምን ይሻላል» አትልም።
ቀይ ምን ያህል ቀይ ከሆነ ሰው እንደሚጎዳ
ገና የሚከራከሩበት ነው፤ ያንንም ነገርኩት ሳልደብቅ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ
ሞተሩ ቦዩን ይስባል፤ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው።
ጀሪካኑን ግን
ከፀሐይ አንስቶ
ከዋንዛው ጥላ ሥር አስቀምጦታል።