ሦስተኛው ካንዴላ

ሐረጎን ስንወጣ፣ ከሁለተኛው ጥምዝ፣
ፔጆዬ ቃተተች፤ ቤንዚን ብረግጥባት ጉልበቷ ሲፈዝ።
ሦስተኛ ማርሽ ካዳት፣ ሁለተኛም ከብዷት፣
በአንደኛ ተሳብን፤ ኋላችን ኤንትሬው ጡሩምባ እየነፋባት።

ድሮ አሥራ አምስት ሊትር
ከደሴ ባቲ አድርሶ፣ መልሶ፣ ለሐይቅም ይተርፍ ነበር።
ዘንድሮ በመልሱ ኮምቦልቻ ላይ ደርቃ፣
ስንቴ ገፋናት፣ ተሳፋሪ ወርዶ፣ ነጠላ ታጥቆ፣ በሙሉ ጨረቃ።

ቀጂዋን ሰደብኳት፣ "ውኃ ነው" አልኳት።
ጎማዋን አስነፋሁ፣ ማጣሪያ አራገፍኩላት፣
ፍሬን ይዟት እንደሁ በክሪክ አንስቼ እግሯን አዟዟርኳት፣
ካርቡራቶር ፈታን፣ መልሰን ገጠምንላት።
ብልሃት ሲያልቅብኝ፣ ብረቱን ትቼ ሰው ጠረጠርኩላት።

ሙሄን፤ የእህቴን ልጅ፤ ረዳቴን፤
በሯን ከፍቶ ዘግቶ፣ ማታም ከኋላ ወንበር ተኝቶ የሚጠብቃትን።
ከፍራሹ ሥር ነው ቱቦውን ያገኘሁት፤
ክንድ የምታህል ላስቲክ። "ለራዲያተር ውኃ ነው" አለኝ። አላመንሁት።
ሸዋ በር፣ በገበያ፣ ሰው ከቦን እያየ፣
"አፍህን ክፈት" አልኩት፤
አገጩን ጨብጬ፣ እንደ በቅሎ ገዢ፣ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት።
የሸተተኝ ሽንኩርት ነው።
ቢሆንም አባረርኩት።

ቁልፉን ከነማሰሪያው ኮፈኑ ላይ አኖረ።
አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበረ።

*

እብሬ ጋራዥ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ወለሉ ዘይት የጠጣ አፈር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ነዶ።
የሌባውን ወሬ ሳወራለት ሰማ፤ ኮፈን አልከፈተም፤
ማርሚታው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጭሱን አየ፤ ሰማያዊ ነው። አልደነቀውም።
"ዘይትስ?" አለ፣ "ስንት ትጨምራለህ?"
"በሳምንት አንድ ሊትር።"
"ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዘይት በቱቦ የሚመጥ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?"

አራቱን ካንዴላ በተራ ፈታቸው፣
በቁራጭ ጨርቅ ላይ እንደ ጥርስ ደርድሮ አስቀመጣቸው።
ሌሎቹ ቡናማ፣ ደረቅ፤ ሦስተኛው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቅባታም።
"ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ርገጥ፤ ሞቶሪኖዋን አሽከርክር፤ አትፍራ፣ አትነሣም።"

መለኪያው ቀዳዳው አፍ ላይ ሲታሰር፣ መርፌው ሲርገበገብ፣
አንደኛው፣ መቶ ሠላሳ። ሁለተኛው፣ ከዚያው ቀረብ።
ሦስተኛውን ዘሎ፣ አራተኛው፣ መቶ ሃያ አምስት፤
"ለሽማግሌ ደግ ነው" አለ እብሬ።
ከዚያ ሦስተኛው። ስድሳ።
ደግመን አሽከረከርን። ስድሳ። መርፌው ፈቀቅ ሳይል፣ እንደ ግትር በሬ።

አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው አጠጣት፣
"አሁን" አለ። መርፌው መቶ ዐሥር ወጣ፣ ትንፋሽ ዘራባት።
"ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ዘይት ባልሰማው። የላላው ፋሻዋ ነው፤
ግፊቱ ከፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤
በአራት ትበላለች፣ በሦስት ትሠራለች። ቤንዚንህን የጨረሰው ይኸው ነው።"

ፋሻ። ቁስል ማሰሪያ ብዬ የማውቀው ስም፤
ዛሬ ራሱ ቆስሎ፣ ማሰሪያ የለውም።

"ቴስታዋ ይወርዳል፤ አብሽር፤ ዐሥር ቀን ስጠኝ" አለኝ።
ዋጋ አልተከራከርኩም። ያንን ጥቁር ካንዴላ ብቻ ለመንኩት፤ ሰጠኝ።

*

ሙሄን አገኘሁት፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የባቲ አይሱዙ ጭነት ሲያስር፣
ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ ከላይ፣ ከማሽላው ጆንያ ዳር።
ልናገር ስል ተሳሰረ አፌ፤
ካንዴላውን ዘረጋሁለት፣ በመዳፌ።
ወረደ። ተቀበለኝ። ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው፤
ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አሸተተው።

"ሦስተኛው ነው?"
"ሦስተኛው ነው።"
"ሐረጎ ላይ፣ አንዱ አይተኩስም ብዬ ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።"

አይሱዙው ጡሩምባ ሲነፋ፣ ካንዴላውን ከኪሱ ከቶ
ተንጠላጠለ፤
እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ መዳፌ ዘይት ሸትቶ።