ዘላለም በዐሥር በመቶ

ከማታ ትምህርት ስወጣ ሦስት ሰዓት አልፏል፤
የአውቶቡሱ ሰልፍ ረዝሞ፣ ታጥፎ፣ አጥሩን ተደግፏል።
ቀን ሙሉ የሰው ብር ሲቆጥር የዋለ ጣቴ
ኪሴ ውስጥ የራሱን ሳንቲም ይቆጥራል፦
ትራንስፖርት፣ ዳቦ፣ የስልክ ካርድ፣
የሴሚስተሩ ክፍያ። እሱን አልነካውም፤ እሱ ገና ነው።

ኮዬ ፈጬ።
መንገዱ አስፋልት ሆኖ ይጀምርና መሀል ላይ ሐሳቡን ይቀይራል፤
ረዳቱ «መጨረሻ!» ይላል፣ መብራቱም እዚያው ይቀራል።
ብሎክ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ ሰባተኛ ፎቅ።
አሳንሰር ሊገባበት የተተወው ጉድጓድ
አፉን ከፍቶ ስድስት ዓመት ሞላው፤
በሒሳብ መዝገብ ቢጻፍ «በሂደት ላይ ያለ ሥራ» ነው ስሙ።

ውሃ ማክሰኞ ትመጣለች። ካልመጣች ዓርብ።
ጄሪካን ይዤ ስወርድ ኦቦ ቱፋ ከቆርቆሮ ቤታቸው ደጅ
በቆሎ እየጠበሱ ብሎኩን ይጠብቃሉ፤
ድሮ ያረሱትን መሬት ዛሬ በዱላ ይዞሩታል።
«ከማዶ ያለው ሽምብራ ነበር» ይላሉ፣
«አንቺ የተኛሽበት ግን ጤፍ ነው፤ ነጭ ጤፍ።
ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትማሪው?»
«ፋይናንስ።»
«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»
«የነገ ብር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ማስላት።»
በቆሎውን ገለበጡ።
«እኔን አስልተውኛል» አሉ።
«የዓመት ምርትህ ስንት ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው፤
በዐሥር አባዙና አንድ ወረቀት ሰጡኝ።
ወረቀቷ ሁለት ክረምት አልተሻገረችም።»
ጄሪካኑ ሞልቶ ይፈስስ ነበር። አላየሁትም።

ዶክተር አስናቀ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የጻፉት ይህን ነበር፦
ማለቂያ የሌለው ገቢ፣ ዋጋው ስንት ነው?
በየዓመቱ የሚመጣ፣ አባት ለልጅ የሚተወው፣
ልጅም ለልጁ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ለመጨረሻ ጊዜ።
እልፍ አእላፋት ይሆናል ብለን ጠበቅን።
እሳቸው የዓመቱን ገቢ ለወለዱ ምጣኔ አካፈሉ፣
ጠመኔውን አራገፉ፣
«በዐሥር በመቶ፣ ዘላለም ማለት
የዐሥር ዓመት ገቢ ነው። በቃ» አሉ።
ከኋላ ወንበር ወይንሸት «አሜን» አለች፣ ክፍሉ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ።

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ የጄሪካኑ እጀታ መዳፌን ሲቆርጠኝ፣
ያ ሳቅ ተመልሶ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ዐሥር።
ስሌቱ አልተሳሳተም።
ያስፈራኝም ይኸው ነው።

መብራት የለም። በስልኬ ብርሃን ደብተሬን ገለጥሁ፤
ከቀመሩ ሥር፣ በጥቃቅን ፊደል፣ በራሴ እጅ ተጽፎ አገኘሁ፦
«ዕድገት የለም ብለን ካሰብን።»
ዕድገት የለም!
ታዲያ ጤፍ ያኔ በስንት ነበር፣ ዛሬ ኩንታሉ ስንት ገባ?
መሬቱስ፣ ካሬው፣ ከወንዙ ማዶ ቪላ ሲገነባ?
ለዕድገት ሰባት በመቶ አስገባሁ፣ ከዐሥሩ ላይ ቀነስሁ፣
ሦስት ቀረኝ፣ ለሦስቱ አካፈልሁ፦
ዐሥሩ ሠላሳ ሦስት ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመት ጠፋ
ከአንዲት ዜሮ ሥር፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳይገፋ።

ይህ ቤት በእናቴ ስም በዕጣ የደረሰን ነው።
ቁጥሯ የወጣ ዕለት ጎረቤት እስኪሰማ እልል ብለናል፤
ያኔ ከሥሩ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም፣
እኔም አልጠየቅሁ።
አሁን በየወሩ ለባንክ እንከፍላለን፣ ከነወለዱ።
ግድግዳው ቀጭን ነው፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያስል ይሰማኛል፣
ከታች ደግሞ የኦቦ ቱፋ ሬዲዮ፣ ከዚያ ዱላቸው፣ ከዚያ ዝም።
ወርጄ ልንገራቸው? ምን ብዬ?
«አባቴ፣ አንዲት ፊደል ረስተውብዎታል» ብዬ?

በሦስተኛው ሳምንት ፈተና መጣ። ያው ጥያቄ፤
«ዕድገት የለም ብለው ያስቡ» ይላል።
አሰብሁ።
ሙሉ ነጥብ።

ማታ ስገባ ከበሩ ላይ ቆመው፣ ባትሪያቸውን እግሬ ሥር አበሩልኝ፤
ጠጠሩ እንዳያደናቅፈኝ።
«እህ፣ ፈተናውን አለፍሽ?»
«አለፍሁ» አልሁ፤
አለፍኋቸው።