ዘጠና እና አርባ ሰባት

ሲንቹ የነፋስ ከተማ፣ በር አይጸናላትም፣
እዚህ ፋብሪካው ውስጥ ግን አቧራ አይተነፍስም።
ነጭ ቱታ ለብሼ፣ ከዓይኔ በቀር ስውር፣
ከማሽን ወደ ማሽን ስዞር ነው የማድር፤
ከአሸዋ የነጠረ፣ ከመስታወት የሳሳ፣
ነገ ፕሮሰሰር የሚሆን ክብ ሳህን ሳነሳ።

ደንበኛ ስም የለው፤ ቁጥር ነው መለያው፣
አንዱ “አርባ ሰባት”፣ “ዘጠና” ነው ሌላው።
ስቀጠር ፈርሜያለሁ፣ ምስጢር ላላወጣ፣
ለእናቴም፣ ለልጄም፣ ማንም ሊያጣራ ቢመጣ።

ቀን ቀን ባቡር ጣቢያ፣ በመብራት ሰሌዳ፣
አንዱ ሌላውን ሲያማ፣ አንዱ ሌላውን ሲጎዳ፣
“እኔ እፈጥናለሁ” ባይ፣ “እኔ ነኝ” ባይ ሌላ፣
የሁለት በመቶ ብልጫን አንስተው እንደ ዱላ።
ጠበቃ ይገዛሉ፣ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣
አንዱ የአንዱን መሐንዲስ በደመወዝ ያስኮበልላሉ።

ሌሊት እኔ ጋ ግን፣ ከአንድ ምድጃ ገብተው፣
ጎን ለጎን ያድራሉ፣ አንድ እሳት ተጋርተው።
ያው አሲድ ሲያጥባቸው፣ ያው ብርሃን ሲጽፍባቸው፣
አንድ እጅ፣ የእኔው እጅ፣ ነው የሚያነሳቸው።

ከምድጃው አናት ላይ አረንጓዴ ከረጢት
ብስኩት አኑረናል፣ ማሽኑ እንዳይገባው ትዕቢት።
ቀኑ ያለፈ እንደሆን ይቀየማል ይላሉ፤
መሐንዲሶቹ ሳይቀሩ በሆዳቸው ያምናሉ።
“ይህ ብስኩት ለማን ነው?” አለኝ ሌሊት ጉዎ-ዌይ፣
“ለዘጠና ነው፣ ወይስ ለአርባ ሰባት ነው ወይ?”
ጭምብሌ ውስጥ ሳቅሁኝ። ሳቄ ሳያልቅ ገና፣
መሬት ጎኗን አዙራ ነቀነቀችና

ሠላሳ ሰከንድ፤

መደርደሪያው ወርዶ፣ ምድጃው ሲንገዳገድ፣
የሦስት ወር ድካም፣ የስንት ሰው እንቅልፍ፣
እንደ በረዶ ረገፈ ከጫማዬ ጫፍ።

ጎንበስ ብዬ ስለቅም፣ ቁጥራቸው ጠፍቷል፤
ስባሪው በሙሉ ቀስተ ደመና ለብሷል።
የዘጠና ይሁን፣ የአርባ ሰባት፣
አልለየሁም፤ ጓንቱን አልፎ እኩል ቆረጠኝ ጣት።
በአንድ ባልዲ ከተትኳቸው።

ሳይነጋ ስልኩ ጮኸ፤ ከባሕር ማዶ ናቸው፤
“ሰው ተረፈ?” አሉ፤ ደግ ነው መቼስ ቃላቸው፤
ቀጥሎ ግን ሁለቱም፣ በሁለት መስመር፣
ያንኑ ጠየቁ፦ “ማን ይቅደም ሲጀመር?”

ቤት ስደርስ ነግቷል። ቦ-ዩ ከጎረቤት ልጅ
ቁርሱን ትቶ ይሟገታል፣ አፍ ለአፍ፣ እጅ በእጅ፦
“የእኔ ኮምፒውተር ይፈጥናል!” “ውሸት! የእኔ ነው!”
“እማ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ንገሪን፤ የቱ ነው?”

ፕላስተር የለበሰ ጣቴን ኪሴ ከትቼ፣
“ሩዙ ይቀዘቅዛል” አልኩ፣ ፊቴን ለመስኮት ሰጥቼ።