መያዣ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፣
ካራማን ፀሐይ ሳይበላት፣ አስፋልቱ ገና ሳይግል፣
ስምንት ሳይክሎች ቆመዋል ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ፣
ኮርቻው ላይ ወበቅ አድሯል፤ በሻርፔ ጫፍ ስጠራርግ
አንዱ ጎማ ተንፍሷል፤ አለፍኩት።
ከጎኑ ላለችው ስልኬን አሳየኋት፣
አረንጓዴ መብራት፣ አንድ “ጢጥ”፣ ከዚያ ቀጭ፤
ብረቱ አንገቷን ለቀቀ።
ሠላሳ ደቂቃ ተሰጠኝ፤ ካለፈ፣ ኪሴ ደረቀ።

ከእኔ በፊት የነዳት ሰው ረጅም ነው፣ አላውቀውም፤
ኮርቻውን ሰማይ ሰቅሎ ይሄዳል፣ መልሶም አያወርደውም።
በየማለዳው አሳጥረዋለሁ፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ያህል፣
ማታ መጥቶ ያስረዝመኛል፤ እንዲህ ነው የእኛ ውል።

የሥራ ልብሴ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከላዩ የምሳ ዕቃዬ፤
ደሞዝ የገባ ዕለትም በዚሁ ነው ሐዋላ ቤት መሄጃዬ።
ሽንኩርት ሲረክስ ሽንኩርት፤ ጥርሴን ሲያመኝ ክሊኒክ።
አንድ ጊዜማ መወልወያ ገዝቼ፣ አግድም ይዤው እንደ ጦር፣
ልብስ ሰፊው ኩንሂ ከደጁ ሳቀ፤ ጣለ የያዘውን መርፌና ክር።

ጉል ዛማን የሚሉት አለ፣ በጭነት መኪና ሌሊት የሚዞር፣
ሳይክል ከሞላበት አንስቶ ከጎደለበት የሚያሰፍር።
“እህቴ፣ ይቺን ተያት” ይለኛል፤ “ፍሬኗ አይዝም፣ ትዋሻለች።
ያቺኛዋን ውሰጂ፤ ትናንት ታድሳ መጥታለች።”

መንዳት የተማርኩት እዚሁ ነው፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ማሪሴል ከኋላ ይዛኝ፣ ሁለቴ ተልጦ ጉልበቴ።
“ለቀቅኩሽ” ሳትለኝ ለቀቀችኝ።

ድሬዳዋ እያለሁ ሳይክል ለእኔ የሚነዳ ነገር አልነበረም።
ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ አቦኬር ያከራይ ነበር፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃ፤
መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሰዓቱ ዓይኑን የማይነቅል፣ የደቂቃ ጠበቃ።
የማያውቀው ልጅ ከመጣ መያዣ ያስቀምጣል፤
አንዱ ጫማውን ያወልቃል፣ አንዱ ቀበቶውን ይሰጣል፤
ወንድሜ ነጂብ ግን እኔን።
“ይቺን ያዝልኝ፣ መጣሁ” ብሎ፣
አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጦ፣ የስድስት ዓመት ልጅን።

ሰዓት ማንበብ አላውቅም ያኔ፤ ጥላው ሲረዝም አያለሁ።
“ሸጠሽ እንዴ ወንድምሽ?” ይለኛል አቦኬር። “ይመጣል” እላለሁ።
አንድ ቀን መሸ። ሌሎቹ ሳይክሎች ገብተው በሰንሰለት ታሰሩ፤
አቦኬር ለውዝ ገዛልኝ፤ የከዚራ መብራቶች በሩ።
ነጂብ በእግሩ መጣ፣ ሳይክሉን እየገፋ፣
ካቴናው ተበጥሶ፣ እጁ ግሪስ፣ ዓይኑ በእንባ ጠፋ።
ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ያዘኝ፤
ግሪሱ ከመዳፌ ሦስት ቀን አልለቀቀኝም።

ትናንት ደወለልኝ። ባጃጅ ነው የሚነዳው አሁን።
እኔ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ።
“ምን ላይ ነሽ?”
“ሳይክል ላይ።”
“የማን?”
“የከተማው፣ በኪራይ።”
“ስንት ደቂቃ?”
“ሠላሳ።”
ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቁ ቀድሞት፣
“ማንን አስያዝሽ ታዲያ?”

ልስቅ ነበር፤ ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።
የድርጅቱ መሳቢያ ትዝ አለኝ፣ ቁልፉ ሁለቴ የሚዞረው፤
እዚያ ውስጥ ፓስፖርቴ፣ ከማሪሴልና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ላስቲክ የታሰረው፣
ፎቶዬም ውስጡ፣ አፏን ገጥማ፣
አሮጌ ጎማ ላይ እንደተቀመጠች ልጅ፣
“ትመጣለች” እያለች ይሆናል ለጨለማው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ መኪና ጮኸ።
“በኋላ እነግርሃለሁ” አልኩት።
አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረኛል።
ፔዳሉን ረገጥኩት።